ከፊርማው በፊት ዶማ

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ዓርብ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሶሲ በፍቃዱ
ባለሽበት ሙስካት

ልጄ ሶሲ፣ ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንቺ ግን ስልኬን ካነሳሽልኝ ሁለት ሳምንት አልፎሻልና እኔው ጠይቄ እኔው ልመልስ። ጤናሽ ደህና ነው፤ ተቆጥተሻል፤ ከእኔ በቀር ከሰው ሁሉ ጋር ትነጋገሪያለሽ። እናትሽም ደህና ናት፤ እሷም ተቆጥታለች፤ ራቴን አቅርባ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ታዞራለች። እኔም ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

ይህን ወረቀት የምታመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ ኢክራ ናት። ዕረፍቷን ጨርሳ እሑድ ወደ ሙስካት ሥራዋ ትመለሳለች፤ እንደ ደረሰች በእጅሽ እንድትሰጥሽ ቃል አስገብቻታለሁ። ቤት እንድገዛልሽ የሰጠሽኝን ውክልና ሰኞ ጠዋት ሄደሽ እንደምታነሺብኝና ለአጎትሽ ለተክለሃይማኖት እንደምታዞሪው ጽፈሽልኛል። በሦስት መስመር ነው የጻፍሽው፤ ‘አባዬ’ የሚለውን ቃል እንኳ ረስተሽዋል። እንግዲህ ሰኞ ሳይደርስ አባትሽም ያለውን ይበል። ልለምንሽ አይደለም። ውክልናውን ብትተዪልኝም ብትነጥቂኝም ያንን ቤት እንዳለ አልፈርምበትም። መቶ ሽማግሌ ቢሰበሰብ አልፈርምም። ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺ ልናገር ነው።

አጎትሽ ምን እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ከውል ቢሮው በር ላይ ቆሞ ሲደውልልሽ ሰምቼዋለሁ። «ልጄ፣ አባትሽ ጃጅቷል፤ በቅጠል ምክንያት ቤት አስመለጠሽ» ነው ያለሽ። ተክሌ የእናትሽ ወንድም ነው፤ እወደዋለሁ፤ ግን ሰውዬው ቤት ሲያይ ግድግዳ በጉልበቱ ይገፋል፣ ቧንቧ ከፍቶ ውኃው እስኪሞቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ «ይሄ ቤት እኛን ይቀብረናል» ይላል። መሬቱን አያይም። መሬት ለእሱ ቤት የሚቀመጥበት ነገር ነው እንጂ ሌላ ሥራ ያለው አይመስለውም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ደላላው ኡመር ቤቱን ያገኘልን ግንቦት ላይ ነው። ከውቤ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ ያለው፣ አብዛኛው ሰፈር ከተነሳ በኋላ ከጥቂት ጎረቤቶቹ ጋር እንደ ቀረ ጥርስ የቆመው የድንጋይ ቤት ነው። ፎቶውን አይተሽዋል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ፣ መስኮቱ ባለ መዝጊያ። ካርታው ንጹሕ ነው፤ እገዳ የለበትም። አንቺ ግን ከሁሉም ፎቶ መርጠሽ ደጋግመሽ የጠየቅሽኝ ስለዚያ አረንጓዴ ጥግ ነበር። ከግቢው ጓሮ፣ ከግንቡ ሥር የቆመውን ቀርከሃ። «አባዬ፣ እዚያ ጥግ ወንበር አወጣላችኋለሁ፤ እናንተ እዚያ ትቀመጣላችሁ» አልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ «ይሄን ቦታ የማውቀው ይመስለኛል» አልሽ። እኔ ሳቅኩብሽ። ይህን ቃልሽን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ግቢ ሲገባ እግሩ ቀድሞ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ በሽታ ነው። እንግዲህ ሄድኩ። ቀርከሃው የኛው የደጋው ቀርከሃ አይደለም። ቀጭን፣ ግንዱ ቢጫ፣ ከውጭ የመጣው ዓይነት ነው። ሲያዩት ምስኪን፣ የታጠበ ልጅ የመሰለ፤ ዳር ዳሩ ተስተካክሎ ተቆርጧል። ግን ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቆ በግንቡ ሥር የተቆረጠ ጉቶ አየሁ፤ አፈር ተነስንሶበታል። ከዚያ አምስት እርምጃ ርቆ ሌላ ጉቶ። ወደ ቤት ስገባ ደግሞ የመኝታ ቤቱ ምንጣፍ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ተነፍቷል። ገልጬ ባየው ከጣውላው መሃል ክንድ የምታህል አዲስ ሲሚንቶ ፈሳለች።

«ይህ ምንድነው?» አልኩት ኡመርን።

«ጥገና ነው ፋዘር። አሮጌ ቤት አይደል?»

«ከጎረቤት በኩል ግንቡን ማየት እፈልጋለሁ። ደግሞ ጓሮውን ትንሽ ብቆፍር ደስ ይለኛል።»

ኡመር ወደ አጎትሽ ዞረ። «አቦ! ፋዘር ቤት ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ድንች ሊተክሉ? ሰው ካርታ ያያል፣ እርስዎ ቅጠል ያያሉ!»

«ካርታው አይበቅልም» አልኩት። «ይሄኛው ይበቅላል።»

ተሳቀብኝ። ተክሌም ሳቀ፤ እናትሽም እጇን በአፏ አድርጋ ሳቀች። ሰው ወራሪ አረም ሲባል እምቦጭን ያስባል፤ እምቦጭ ሲባል ጣናን ያስባል፤ ጣና ደግሞ ሩቅ ነው። አረም በገዛ መታጠቢያ ቤቱ ሊመጣበት እንደሚችል አያስብም። ተማሪዎቼም እንዲያ ነበሩ፤ ቅንጬ አረምን ስዬ ሳሳያቸው የገበሬ ችግር አድርገው በደብተራቸው ይጽፉና ወደ ፉትቦላቸው ይሮጣሉ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አሰፋች ግን አልሳቀችም። ከበሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን እያጠፈች ታየኝ ነበር። ያኔ ምን እንዳሰበች አልገባኝም።

ዝናብ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ቀርከሃ በበጋ ዝም ይላል፤ ክረምት ሲገባ ነው የሚናገረው። ቤት የሚገዛ ሰው በጥቅምት አይቶ በጥቅምት ቢፈርም ምን እንደገዛ የሚያውቀው በሐምሌ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ቆይቶ ባባራበት ጠዋት፣ ኡመርንም አጎትሽንም ሳልነግር ብቻዬን ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ወይዘሮ አሰፋች ራሷ ናት። ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ ጓሮው መራችኝ።

ሶሲዬ፣ ግቢው ጦር የተተከለበት ሜዳ ሆኗል። ጫፉ የሾለ ቡቃያ በየቦታው መሬቱን ወግቶ ወጥቷል፤ ከቀርከሃው ሥር ብቻ አይደለም፣ ከደረጃው ስንጥቅ፣ ከሽንት ቤቱ በር ሥር፣ ከግንቡ ማዶ ከጎረቤት የልብስ ማስጫ ሥርም። መኝታ ቤት ገብታ ምንጣፉን ራሷ ገለጠችልኝ። ያ አዲስ ሲሚንቶ ተሰንጥቆ ከመሃሉ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል።

«ኡመር አትናገሪ አለኝ» አለች። «ልጆቼም አትናገሪ አሉኝ። እርስዎ ባይመጡ ኖሮ እኔ እንጃ።»

ሳሎን አስቀመጠችኝ። ኡመር ቤቱ ሰፊ መስሎ እንዲታይ ብሎ ያስወረደው ዕቃ ሁሉ ወደ ቦታው ተመልሷል። ከግድግዳው ላይ አንድ የሰው ፎቶ አለ። ኮፍያ ያደረገ፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ፣ ደረቱ ኪስ ላይ እርሳስ የሰካ ሰውዬ። አየሁት። ደግሜ አየሁት።

«ይሄ ገነነ ነው? ገነነ ሚስማር?»

«ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማር። አራት ዓመቱ ነው ካረፈ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ እርስዎን በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩዎ፣ መምህር» አለችኝ።

ገነነ ሚስማርን አንቺ አታስታውሺው ይሆናል፤ ፒያሳ ላይ የብረታ ብረት ሱቅ የነበረው ሰው ነው። በ1989 ዓ.ም. በትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ስናቋቁም ዶማውን፣ አካፋውን፣ የውኃ ማጠጫውን ሁሉ በነጻ የሰጠን እሱ ነበር። ምን ልመልስለት ብዬ ተጨነቅኩ። አንድ የውጭ ሰው ግቢ አትክልተኛ የሆነ ወዳጅ ነበረኝ፤ አምስት የቀርከሃ ቁራጭ ሰጥቶኝ «ይሄ በቶሎ ይደርሳል» አለኝ። እኔ፣ የባዮሎጂ አስተማሪው፣ በቶሎ ይደርሳል ሲባል ደስ አለኝ። ደርሶ የት እንደሚቆም አልጠየቅኩም። አራቱ ትምህርት ቤት ደረቁብኝ። አምስተኛውን ደህናውን መርጬ ለገነነ በስጦታ ወሰድኩለት። ያኔ የግቢው መግቢያ በላይኛው መንገድ በኩል ነበር፣ ግንብም አልነበረውም፤ ለዚህ ነው ቤቱን ሳላውቀው የቀረሁት። ሰበብ ነው፤ ግን እውነት ነው።

አዎ ልጄ። ያንን ቤት የሚበላውን ነገር የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ለምን አልነቀላችሁትም?» አልኳት።

«ስጦታ ይነቀላል እንዴ?» አለችኝ። «ገነነ ገጀራ አላስነካ አለ። ጎረቤት ‘ቤትህን ሊበላ ነው’ ሲለው ‘የመምህሩ ነው፤ ሰው ችግኝ የሚሰጠው ክፉ አስቦ አይደለም’ ይላል። ክረምት በገባ ቁጥር ሱሪውን ጠቅልሎ እየዞረ ዳር ዳሩን ይከረክምለታል፣ እንደ ልጅ ፀጉር። እሱ እያለ ከጥጉ አልወጣም። እሱ ሲሞት የሚይዘው ጠፋ።»

«ለእኔ መላክ ነበረባችሁ። መጥቼ በገዛ እጄ እነቅለው ነበር።»

«ምን ብለን? ‘የሰጡን ነገር አስቸገረን’ ብለን?»

ሃያ አራት ክረምት፣ ሶሲ። ሰውዬው እኔን ላለማስቀየም ሃያ አራት ክረምት ጭቃ ውስጥ ቆመ፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ‘ያ ችግኝ ምን ሆነ’ ብዬ አልጠየቅኩም። ወይዘሮ አሰፋች ከአገር ቤት በአውቶቡስ ያመጣቻቸው ሁለት እንሰቶች እዚያው ጥግ ነበሯት። ቀርከሃው ሥራቸውን ተሻምቶ አደረቃቸው። «ዛሬ ለዳቦዬ ኮባ ከገበያ እገዛለሁ» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንዲያው ስለ ኮባ እያወራችኝ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የፊርማው ቀን ሐሙስ ሰኔ 26 ነበር። ሁሉም ለብሰው መጡ። ተክሌ ክራቫት አስሯል፣ ኡመር ጫማው ያበራል፣ ወይዘሮ አሰፋች ከልጆቿ መሃል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እስክሪብቶውን ሰጡኝ። ስምሽን ወረቀቱ ላይ አየሁት፤ ‘ገዢ፦ ወይዘሪት ሶሲ በፍቃዱ፣ በወኪላቸው’ ይላል። በዚያ ሙቀት ሌሊትና ቀን በሽተኛ እያገላበጥሽ ያጠራቀምሽው የዘጠኝ ዓመት ላብ ታየኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

«በፍቃዱ፣ ፈርም እንጂ!» አለ ተክሌ።

«አልፈርምም።»

«ምን ሆንክ? ምክንያትህን ተናገር!»

«ምክንያቴ መሬት ውስጥ ነው» ብዬ ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ። ከኋላዬ ኡመር «ፋዘር ፍሬን በጠሱ!» ሲል ሰማሁት፤ እውነት ለመናገር አባባሉ ሳያስቀኝ አልቀረም።

ለምን እዚያው እውነቱን አልተናገርክም ትዪኛለሽ። እውነትሽን ነው። አሰፋችን በልጆቿ ፊት ደብቀሻል ብዬ ማዋረድ አልፈለግኩም፤ ይህ ግማሹ ነው። ግማሹ ግን ፍርሃት ነው። ቤቱን እምቢ ለማለት ድፍረት ነበረኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ለማለት አነሰኝ። ትውልድ ሁሉ ‘መምህር በፍቃዱ ዛፍ ያስተከለን’ እያለ በመንገድ ላይ ያቅፈኛል፤ ያንን ማጣት ከበደኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። የእኔው የባሰ ነው፤ በእኔ ጥፋት የሚታማው የአሰፋች ቤት ሆነ፣ እኔም ዝም ብዬ እብድ መባሉን መረጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ለእናትሽ ወመዘክር ላነብ ነው ብዬ ወጣሁ። ዶማ ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ተዋስኩና የአሰፋችን በር አንኳኳሁ። እሷ ዶማውን አየች፣ እኔን አየች። «ወይ መምህር፣ በዚህ ዕድሜ?» አለች። «በዚያ ዕድሜዬ ባስብበት ኖሮ በዚህ ዕድሜዬ አልመጣም ነበር» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሑድ በቀር አልቀረሁም። ይኸው ሁለት ሳምንቴ ነው።

የቀርከሃ ሥር ሥር ብቻ አይደለም፤ መሬት ውስጥ የሚሮጥ ግንድ ነው። ክንድ ያህል ቆፍረሽ ታገኚዋለሽ፣ ትከተይዋለሽ፣ በደረጃው ሥር ይሄዳል፣ ታጠፈ ስትዪ ይቀጥላል። በየአንጓው ዓይን አለው፤ አንድ ዓይን መሬት ውስጥ ከቀረ በሚቀጥለው ክረምት ሰላም ይልሻል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ነቅሎ መሄድ የለም። ዘንድሮ ትልቁን ታወጫለሽ፤ ከርሞ የቀረውን ታሳድጃለሽ፤ በሦስተኛው ክረምት ምንም ካልበቀለ ያኔ ግቢው ነጻ ወጣ ይባላል። ሰው ሁሉ ረጅም ነው ይለኛል። ሃያ ስምንት ዓመት ሲስፋፋ ማንም ረጅም ነው አላለም።

ባለፈው ሰኞ ኡመር እየጮኸ መጣ። «ፋዘር፣ ሲሚንቶ ይፈስበታል፣ ያልቃል! ምን ያስጨንቆታል?» አለኝ። ምንም ሳልመልስ ከመኝታ ቤቱ ወለል ሥር ያወጣሁትን አሳየሁት፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ የሚደርስ አንድ ወጥ ነገር ነው። እጁን ኪሱ ከቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ይሄ ሁሉ... አልጋ ሥር?» አለ። አሁን ለሌላ ደንበኛ ቤት ሊያሳይ ሲሄድ ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል። «ፋዘር፣ ይሄስ ቅጠል ምንድነው?» ይላል። ትናንት አንዱን የወፍ ቆሎ አጥር ልኮልኝ ነበር፤ እሱም ወራሪ ነው። ቢያንስ አንድ ደላላ አስተምሬያለሁ፤ ጡረታ የወጣሁት ያለጊዜዬ ነው።

አሁን የእኔንና የወይዘሮ አሰፋችን ነገር ልንገርሽ። እስከ 2020 መስከረም፣ ሦስተኛው ክረምት እስኪወጣ፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ላለመሸጥ በሁለት ጎረቤት ፊት ቃሏን ሰጥታኛለች። ወረቀት የለም። ተክሌ ይህን ሲሰማ ክራቫቱን እንደሚበጥስ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሃያ አራት ክረምት ስጦታ ላለመውቀስ ዝም ያለ ቤት ቃሉን ያጥፋል ብዬ አላምንም። አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። «ወኪሉ እርስዎ እስከሆኑ ድረስ እጠብቃለሁ። ሌላ ሰው የልጅዎን ውክልና ይዞ ከመጣ ግን ልጆቼን ማስቆም አልችልም፤ በማግስቱ ያስፈርሙኛል» አለች። ተክሌም ይፈርማል። ሲሚንቶም ያፈሳል። አንቺም ከዓመታት በኋላ ቀርከሃ መሃል ተኝተሽ ትነቂያለሽ። የሰኞው ነገር ይህ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ሌላ ቤት ለምን አንገዛም ትዪኝ ይሆናል። እንችል ነበር። ይሄኛውን ትቼ ብሸሽ ግን ኡመር ወይ የኡመር ጓደኛ ለአንዲት እንደ አንቺ ውጭ አገር ላለች፣ አባቷ ዶማ ለማያውቅ ልጅ ይሸጠዋል። እሱን አልፈቅድም። ተክዬው ሄጃለሁ፤ ነቅዬው እሄዳለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ፤ እጮኻለሁ።

አሁን ወደ ያዢልኝ ወዳልኩሽ ነገር ልመለስ። ችግኙን ለገነነ የወሰድን ቀን ሰባት ዓመትሽ ነበር። በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነበር የተከልነው። ታክሲ ውስጥ «ልያዝልሽ» ብልሽ እምቢ አልሽ፤ በሁለት እጅሽ አቅፈሽው ከአራት ኪሎ እስከ ውቤ በረሃ ወሰድሽው። ጉድጓዱን ገነነ ቆፈረ፤ አፈሩን የመለስሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ አልሄድም ብለሽ «ሲያድግ ልየው» እያልሽ እዚያው ጥግ ተቀመጥሽ። ገነነ በጣም ሳቀ፤ ለአንቺ ማስታወሻ ብሎ ጥቂት የሚያብረቀርቅ ሚስማር ሰጠሽ። ፎቶውን አይተሽ ‘ይሄን ቦታ የማውቀው ይመስለኛል’ ያልሽው ለዚህ ነው። እኔ ሞኙ ሳቅኩብሽ። ቦታውን ታውቂዋለሽ ልጄ። አፈሩ ላይ እጅሽ አለበት።

ይህን የምነግርሽ ጥፋቱን ላካፍልሽ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ጥፋት የለባትም፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው አስተማሪ ነው ጥፋተኛው። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ለቤቱም ለነገርኩሽ ውሸትም። የነገርኩሽ ዝምታ ነው፤ ዝምታም ውሸት ነው። ግን ይቅርታ ጠየቅኩ ማለት አንገቴን ደፋሁ ማለት አይደለም።

የቆፈርኩትን ሥር አንድ ቁራጭ በፖስታው ውስጥ ላደርግልሽ ነበር፤ በዓይንሽ አይተሽ እንድታምኚኝ። ወረቀት ስጠቀልልበት ድንገት ነቃሁ። ሙስካት ላይ ደግሞ ልተክል? አንዴ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛውን ስሕተት እየሳቀ ነው የሚሠራው። ወሰድኩና ከሌላው ጋር አቃጠልኩት። እንግዲህ ቃሌን ብቻ እመኚ።

ውክልናውን እንደ ፈቃድሽ አድርጊው፤ ገንዘቡም ላቡም ያንቺ ነው። እኔ ሰኞም ማክሰኞም ዝናብ ቢዘንብም እዚያው ጓሮ ነኝ። አንድ ነገር ግን አዝሻለሁ፤ አባት ነኝና ማዘዝ እችላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕረፍትሽን ለትርፍ ሰዓት ሸጠሽ ‘በሚቀጥለው እመጣለሁ’ ስትዪን ኖረሻል። በሚቀጥለው ሐምሌ ትመጪያለሽ። ሽቶ አታምጪ፣ ስልክ አታምጪ። ጭቃ የሚችል ቦት ጫማ ይዘሽ ነይ። ቆርቆሮውን የያዘች እጅ ዶማውንም ትያዝ። በሦስተኛው መስከረም፣ ጌታ ዕድሜ ከሰጠኝ፣ እዚያ ጥግ ላይ ለወይዘሮ አሰፋች ሁለት እንሰት እተክላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ወረቀት የምንፈራረመው። እንሰቶቹም በውሉ ውስጥ ይገባሉ፤ የቤቱ ባለቤት ማንም ይሁን ኮባው የእሷ ነው።

የአባቶችሽ አምላክ ከምትቆሚበት አልጋ ዳር አይለይሽ። የምታነሺው በሽተኛ ሁሉ ይነሳልሽ። እጅሽ የነካው ይለምልም፤ ሲበዛም የሚከረክም ሰው አይጣ።

የሚወድሽ፣ ያልፈረመው አባትሽ
በፍቃዱ

ሶሲዬ፣ እናትሽ ነኝ። አባትሽ ደብዳቤውን ሳያሽግ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ቤተ ክርስቲያን ለዓርብ ጸሎት ሄደ፤ እኔም አነበብኩት። ወመዘክር ውስጥ ጭቃ እንደሌለ የማላውቅ መስሎታል። ሱሪውን የማጥበው እኔ አይደለሁም? ሁለት ሳምንት ሙሉ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ የተቆጣሁትም ለዚያ ነበር፣ ለቤቱ አይደለም። ከነገ ጀምሮ ምሳውን ይዤለት እሄዳለሁ፤ አሰፋችንም አንድ ሁለት ነገር የምጠይቃት አለኝ። ለተክሌ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ውክልናውን አትንኪበት። ስትመጪ ደግሞ የጭቃውን ጫማ ለእኔም ጨምሪ፤ ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው።

አዲስአለም